የተረፈው ሽሮፕ ወንዝ አይግባ

በፍኖተ ሰላሙ ላህ፣ በቡሬው ፈጣም ወንዝ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር አልጌ ይባላል። ለውሃው ኦክስጅን፣ ለትናንሽ የውሃ ነፍሳት ምግብ ነው።

መድኃኒት ውሃን ይጎዳ እንደሆነ ሲፈተሽ አልጌ በብርጭቆ ዕቃዎች ብርሃን እያገኘ ይራባል። በአንዱ ምንም አይጨመርም፤ በሌሎቹ መድኃኒቱ በተለያየ መጠን ይጨመራል። ከ72 ሰዓት በኋላ እድገታቸው ይነጻጸራል። አሞክሳሲሊን አረንጓዴውን አልጌ እምብዛም አይነካም፤ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለውን ግን በጥቂቱም ይጎዳል፤ እሱ በተፈጥሮው ባክቴሪያ ነውና።

ስለዚህ የተረፈ ሽሮፕ ወንዝም ሽንት ቤትም አትድፉ፤ ለሌላ ልጅም አታስቀምጡ። ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ አወጋገዱን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ልጁ ቢሻለውም የታዘዘለትን ይጨርስ።