አንድ የሠራነው ነገር ይኑረን

ትራንዚስተር ትንሽ ከረንት ተቀብሎ ትልቅ ከረንት እንደሚቆጣጠር የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ አለ? ያለ አይመስለኝም። በፈተና ወረቀት ላይ ሁላችንም አሳምረን እንጽፈዋለን። ታዲያ ያው ተማሪ ሦስት እግር ያላትን ትራንዚስተር በእጁ ሲሰጡት ቤዙ የትኛው፣ ኤሚተሩ የትኛው እንደሆነ ግራ የሚገባው ለምንድን ነው?

በእኔ እምነት ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የላብራቶሪ ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ሰርኪዩቱ በማኑዋል ላይ ተስሎ ይመጣል። የሬዚስተሩ መጠን ተሰጥቷል፤ የሚጠበቀው ንባብም ቀድሞ ይታወቃል። ከቡድኑ አንዱ ሽቦ ይቀጥላል፣ ሌላው ቆሞ ያያል፣ ሪፖርቱን ግን ሁሉም ይጽፋል። ንባቡ እምቢ ካለም ከጎረቤት ቡድን ይገለበጣል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ራሱ የመረጠውን፣ ለቤቱ ወይም ለሰፈሩ የሚጠቅም አንድ ነገር ሠርቶ ያቅርብ።

ለምሳሌ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሰፈር እንውሰድ። ውሃው ሌሊት ይመጣል፣ በርሜሉ ሞልቶ ይፈሳል። ለዚህ አንድ ቢሲ 547 ትራንዚስተር፣ አንድ ባዘር፣ ቤዙን የሚጠብቅ ሬዚስተርና ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቂ ነው። ሁለት ሽቦ በበርሜሉ አፍ በኩል ይንጠለጠላል፤ አንዱ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው በሬዚስተሩ አልፎ ከቤዙ ይያያዛል። ውሃው ሁለቱን ሲነካ ጥቂት ከረንት ወደ ቤዙ ይገባል፣ ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ ባዘሩም ይጮሃል።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ሊደክም ይችላል፤ የቧንቧ ውሃ እንደ መዳብ ከረንት አያስተላልፍማ! ያኔ ተማሪው ሽቦዎቹን ያቀራርባል፣ ሁለተኛ ትራንዚስተር ይጨምራል፤ የዳርሊንግተን አያያዝ ለምን እንዳስፈለገ በራሱ ይደርስበታል። ቀይ ኤልኢዲ ልጨምር ካለም ለኤልኢዲው ወደ 2 ቮልት ትቶ ቀሪውን 7 ቮልት ለ470 ኦም ያካፍላል፣ ወደ 15 ሚሊ አምፒር ያገኛል። የኦም ሕግ እዚህ ላይ የሚሸመደድ ቀመር መሆኑ ይቀርና ኤልኢዲው እንዳይቃጠል የሚሠራበት ሒሳብ ይሆናል።

"ዕቃው ከየት ይመጣል?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተበላሸ ራዲዮና ቴፕ ውስጥ ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ስፒከር ይነቀላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ጥንቃቄ አይለየን፦ ሥራው በባትሪ ብቻ ይሁን፤ በ220 ቮልት ይሠራ የነበረ ዕቃም ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ካፓሲተሩ ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል ያለ ላብ ቴክኒሺያን አይከፈት።

ሌሎች ደግሞ "ለምን በአርዱዊኖ አንጀምርም?" ይላሉ። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ ለዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ቦርድ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው ቶሎ አንድ ነገር እንዲሠራ ይረዳል። ጥቅሙን አልክድም። እኛ ግን ልናውቀው የሚገባን ቦርዱ ውስጥ የተደበቀውን ነገር ነውና ቀጥሎ ቢመጣ ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ነጥብ አሰጣጡ ነው። ማርኩ ባዘሩ ስለጮኸ ብቻ ከተሰጠ የሰው ሥራ ተገዝቶ ይቀርባል። ስለዚህ ግማሹ ማርክ ለደብተር ይሁን፤ ተማሪው የት ላይ አልሠራ እንዳለው፣ በመልቲሜትር ምን ለክቶ ብልሽቱን እንዳገኘ ይጻፍበት። መምህሩም አንዷን ሽቦ ነቅሎ "እስቲ ፈልግ" ይበለው። በራሱ እጅ የሠራ ተማሪ ይህ አያስፈራውም።

ነገ ተመርቀን የምንቀጠርበት መሥሪያ ቤት የሚጠብቀን ማኑዋል ሳይሆን አልሠራ ያለ ማሽን ነው። ዲፓርትመንታችን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ በአንድ ሴክሽን እንኳ ቢሞክረው ምን አለበት?