ስለ ድርና ስለ ማግ

ልጆች ሆይ፤ ሸማ ሁሉ ከሁለት ወገን ፈትል ይሠራል። በርዝመቱ የተዘረጋው ፈትል ድር ይባላል፤ በወርዱ የሚመላለሰውም ማግ ይባላል። ሸማኔ ሲሠራ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ማጉን ነው፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ ሲሮጥ ማየት ደስ ያሰኛልና። ድሩን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን የሸማ መልካምነት አስቀድሞ በድሩ ይታወቃል እላለሁ። ይህንንም ለመረዳት እያንዳንዱ ልጅ፥ የሸማኔ ልጅ ቢሆን ባይሆንም፥ በቤቱ አንድ ጊዜ ድር አድርቶ አንዲት ያንገት ልብስ ሊሠራ ይገባዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሁለት ችካል፥ አምስት ቀጫጭን ዘንግ፥ አንድ መቀነት፥ አንድ የለሰለሰ ጠፍጣፋ እንጨት፥ ወፈር ያለ የጥጥ ክርም ይበቃል። ሁለቱን ችካሎች በ2 ሜትር ርቀት በመሬት ትከሉ። ክሩን ባንደኛው ችካል አስራችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ፤ እርሱንም ዞራችሁ ተመለሱ። ነገር ግን የሚሄደው ክርና የሚመለሰው ክር በመካከል እንደ መስቀል ይሻገሩ። ይህ መሻገሪያ የድር ሁሉ ቍልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ፈትል ተራውን የሚጠብቀው በርሱ ነውና። ክሩንም ሁሉ ባንድ ልክ ወጥሩት፤ አንዱ ጠብቆ ሌላው ቢላላ ሸማው ይጨማደዳል።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ያንገት ልብሱ ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በያንዳንዱም ሳንቲ ሜትር 4 ፈትል ቢገባ፥ 80 ፈትል ያስፈልጋል። ስለዚህ 40 ጊዜ መሄድ፥ 40 ጊዜም መመለስ ነው። 80 ፈትል በ2 ሜትር ሲባዛ 160 ሜትር ክር ይሆናል። ቍጥሩ እንዳይጠፋባችሁ ዐሥር ዐሥሩን ፈትል በቀለም ክር ለዩት። ይህን ሁሉ ተመላልሳችሁ ገና የጣት ስፋት የምታህል ሸማ እንኳ አልሠራችሁም። ትዕግሥት የሚፈተነው በዚህ ነው።

ድሩን ከችካሉ ሳታወጡ በመሻገሪያው ግራና ቀኝ ሁለት ዘንግ አግቡና እሰሯቸው። በድሩ በሁለቱ ጫፍ ደግሞ ሌሎች ሁለት ዘንጎች አግቡ። የጫፉን አንዱን ዘንግ በምሰሶ እሰሩ፤ ሁለተኛውን በመቀነት ከወገባችሁ ጋር አያይዙ። ወደ ኋላ ስትሉ ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስትሉ ይላላል። ከታች የሚውሉትን 40 ፈትሎች እያንዳንዳቸውን በትንሽ የክር ቀለበት ያዙ፤ ቀለበቶቹንም ሁሉ ባምስተኛው ዘንግ ላይ እሰሩ። ይህን ዘንግ ስታነሡ የታቹ ፈትል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስትለቁት ወደ ታች ይመለሳል። በላይኛውና በታችኛው ፈትል መካከል በር ይከፈታል፤ ማጉም በዚያ በር ያልፋል። እያንዳንዱን ማግ በጠፍጣፋው እንጨት ወደ ራሳችሁ ምቱት፤ ነገር ግን አጥብቃችሁ አትሳቡት፥ የሸማው ወርድ ይጠባልና። በሳንቲ ሜትር 4 ማግ ቢገባ፥ አንድ ሜትር ተኩል ለመሥራት 600 ጊዜ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የተረፈውን ድር ቈርጣችሁ ጫፉን ቋጩ።

እንግዲህ ይህን የሠራ ልጅ አንድ ነገር ይማራል። ማግ ቢሳሳት አንድ መሥመር ብቻ ይበላሻል፤ እርሱንም መዝዞ እንደ ገና ማሳለፍ ይቻላል። ድር ቢሳሳት ግን ስሕተቱ ከሸማው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይከተላል። የላላ ፈትል እስከ ጫፉ የላላ ነው፤ ተራውን የሳተ ፈትልም እስከ ጫፉ ተራውን እንደ ሳተ ይኖራል። የትምህርትም ነገር እንዲሁ ነው። ፊደልን የሚቈጥር ልጅ ገና መጽሐፍ ስለማያነብ የደከመ በከንቱ ይመስለዋል። ነገር ግን ድሩን እያደራ ነው። ሀን ከለ ሳይለይ ወደ ንባብ የሚቸኵል፥ ባነበበው ገጽ ሁሉ ላይ ያው ስሕተት ይከተለዋል።

አንዳንድ ሰዎች፥ በመኪና የተሠራ ልብስ በገበያ ረክሶ ሲሸጥ በእጅ መድከም ምን ይጠቅማል ይላሉ። እውነት ነው፤ የመኪናው ልብስ ይረክሳል፥ ቶሎም ይደርሳል። እርሱን መግዛትም ነውር አይደለም። ነገር ግን የእጅ ሥራን ያልሞከረ ሰው የሌላውን ድካም መመዘን አይችልም። ጥጥ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሸማኔው የሚደርሰው። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ተራራ ሥር በሽሮ ሜዳ ብዙ ሸማኔዎች ይሠራሉ። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፥ በእጁ መወርወሪያውን እየወረወረ ይውላል። 80 ፈትል ያደከመው ልጅ፥ ብዙ መቶ ቀጫጭን ፈትል ተራ በተራ የሚያሰናዳውን ሰው ዋጋ ቀንስ ብሎ ከማስጨነቁ በፊት ያስባል።

ከዋጋውም ይልቅ የሚከፋ ነገር አለ፤ እርሱም ንቀት ነው። ባገራችን ሸማ የሚሠራውን፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። አባቱ ሸማኔ መሆኑን ለባልንጀሮቹ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ቢኖር፥ ሊያፍሩ የሚገባቸው ያሳፈሩት ናቸው። ለበዓል ነጭ ሸማ ለብሶ የሠራውን እጅ መናቅ ምን ያህል ስንፍና ነው!

አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። ይህን ተረት የምናውቅ ብዙዎች ነን፤ ድሩን በእጃችን ያሳበርን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፤ በዕረፍታችሁ ቀን ሁለት ችካል ትከሉ፤ ክር ካጣችሁም እናታችሁን ወይም አያታችሁን ለምኑ። የመጀመሪያይቱ ያንገት ልብስ ጠርዝዋ ቢጣመም አትዘኑ። ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለታናሽ እኅታችሁ ስጡ፤ የተጣመመውም ጠርዝ ከብርድ ያድናልና።