ጉድጓድ መቆፈርና ጉድጓድ መጠበቅ



አብርሃም በጌራራ ምድር ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች እርሱ ከሞተ በኋላ ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኗቸው። ልጁ ይስሐቅ ግን ተመልሶ አስቆፈራቸው፤ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ጠራቸው (ዘፍ. 26፥15-22)። ይህን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በእረኞቹ ክርክርና በመጨረሻ በተገኘችው ጉድጓድ በርኆቦት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ልናልፈው የማይገባ ቁም ነገር አለ፤ አባት ቆፈረ፣ ልጅ ደግሞ የተደፈነውን ከፈተ። ለሀገራችን ንጹሕ ውኃ ለማድረስ በውጭ ሀገር የተሰባሰቡ ማኅበራት የአብርሃምን ሥራ በትጋት ሲሠሩ ኖረዋል። የጎደለን የይስሐቅ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ማን ሊሠራው እንደሚችል ለማየት አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሦስቱን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንመልከት።

ከምንጩ አጠገብ የተጠሙ ከተሞች

ሦስቱ ከተሞች የተቆረቆሩት ውኃ በጠፋበት ምድር ላይ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራውና አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በቡራዩ በኩል፣ በአምቦ መንገድ ላይ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ የተንጣለለው የሱሉልታ ሜዳ ውኃውን በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይልካል፤ ውኃ አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎችም ከዚያው ከርሰ ምድር ይቀዳሉ። ሰበታ ደግሞ የአዋሽ ገባር የሆነ ወንዝ ያላት፣ ቢራን፣ አልኮልንና ጨርቃ ጨርቅን የመሳሰሉ ውኃ ፈላጊ ፋብሪካዎች የሰፈሩባት ከተማ ናት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በእነዚህ ከተሞች በርካታ ሰፈሮች ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ የቦኖ ተራ መጠበቅና ከጋሪ ወይም ከቦቴ ውኃ መግዛት የዕለት ኑሮ ነው። ዋናው ምክንያት የዝናብ እጥረት አይደለም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የቦታ ዋጋ የገፋው ሕዝብ ወደ ከተሞቹ የገባበት ፍጥነት የውኃ መስመር ከሚዘረጋበት ፍጥነት እጅግ በልጧል። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉም ይህ ዕዳ አብሮ ተሻግሯል። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለከተማ ነዋሪ ያስቀመጠው መለኪያ እንደ ከተማው ደረጃ ለአንድ ሰው በቀን ከ40 እስከ 100 ሊትር ነበር። በዝቅተኛው መለኪያ እንኳ አምስት ነፍስ ላለው ቤት በቀን 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ዐሥር ጀሪካን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከጋሪ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ ከልጆቹ እንጀራ እየቀነሰ ይጠጣል።

ከሩቅ የተዘረጉ እጆች

በሩቅ ሀገር ያለ ሕዝብ ለኢትዮጵያ ውኃ ማዋጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ተዋናዩ ካርልሄንዝ በም በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቾች ሲሦው እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። የተሰበሰበው 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ ሥራውንም በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ የአንዲት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን መጽሐፍ ቅዱስ በሚያጠኑበት ጉባኤ የተነሣሣ ሐሳብ «ዋተር ቱ ትራይቭ» የተባለ ድርጅት ሆኖ በኢትዮጵያ ገጠር ጉድጓድ ሲያስቆፍር ቆይቷል። በእምነት የማይመስሉን ሰዎች ከጉባኤያቸው ተነሥተው እስከ እኛ መንደር መድረሳቸው ሊያስመሰግናቸው፣ እኛንም ሊያስቀናን ይገባል።

የራሳችን ልጆችም አልተኙም። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በዓረብ ሀገራት የሚኖሩ ምእመናን በማኅበራቸው አዋጥተው ለገዳማትና ለአጥቢያዎች ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ ሮቶ ያቆማሉ፤ ፓምፕ ይገዛሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው የምርጫ ችግር ነው። ለጋሹ በልቡ የሚሥለው እንስራ ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትጓዝ የገጠር እናትን ነው፤ ሥዕሉም እውነት ነው። በሰበታ ዳርቻ በቆርቆሮ ቤት ተከራይታ በጀሪካን ውኃ የምትገዛው እናት ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ አትገባም። ለገጠር ለጋሽ ከተሜ ናት፤ ለከተማው የውኃ መስመር ደግሞ ዳርቻ ናት።

ሁለተኛው የጥበቃ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ግምት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ሀገራት ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች ከሦስቱ አንዱ ያህል እንደማይሠራ አመልክቷል። ፓምፑ የሚቆመው አንዲት ጎማ አልቃ ሳለ የሚገዛት ሰው ስላልተመደበ፣ ለመግዣውም በየወሩ የተቀመጠ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ምርቃቱ በፎቶግራፍ ይቀራል፤ ብልሽቱን ግን ለላከው ማኅበር የሚነግር አይኖርም።

የይስሐቅ ሥራ የማን ነው?

ለዚህ ሥራ አዲስ ተቋም መፈልሰፍ አያስፈልገንም። በየአጥቢያው ሰንበቴ አለ፤ የጽዋ ማኅበር አለ፤ ሰበካ ጉባኤ አለ፤ በየሰፈሩም እድር አለ። እነዚህ ውኃን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ጠባይ ከያዙ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ አባላቸውን በስም ያውቃሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ በየወሩ ያዋጣሉ፣ የቀረውን ይጠይቃሉ። የጽዋ ማኅበር መሪን «ሙሴ» ብለን እንጠራዋለን። ሙሴ በምድረ በዳ ለተጠማ ሕዝብ ከዓለት ውኃ ያፈለቀ ነቢይ መሆኑን ግን የምናስታውሰው በጠበል ጠዲቁ ሰዓት ብቻ መሆን የለበትም።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ለምሳሌ በአንድ ቦኖ የሚጠቀሙ 200 አባወራዎች በወር 20 ብር ቢያዋጡ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አዲስ ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ ቧንቧ ይቀይራል፣ የጠባቂውን አበል ይከፍላል፣ ባለሙያ ይጠራል። ለሙዳየ ምጽዋት እንደምናደርገው ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ባይሆንና ቆጠራው በሕዝብ ፊት ቢነገር ሐሜቱም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ልንመረምር ይገባል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖረው ሕዝብ እምነቱም ቋንቋውም አንድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ ለእኛ ብቻ የሚቀዳ ከሆነ በይስሐቅ ላይ ከተነሡት እረኞች አልተለየንም። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ውኃ አጠጪኝ ብሎ የለመናት፣ ወገኖቹ ከማይተባበሯቸው ሕዝብ የሆነችውን ሳምራዊት ነው (ዮሐ. 4)። ስለዚህ የውኃው ኮሚቴ ውስጥ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ጎረቤት መቀመጥ፣ ስብሰባውም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መካሄድ ይኖርበታል።

ስም የማይጻፍበት ሥራ

ለጉድጓድ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ለመጸዳጃ ቤት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። በጉድጓድ አፍ ላይ የመታሰቢያ ስም ይቀረጻል፤ በመጸዳጃ ቤት በር ላይ ግን የእናቱን ስም ማጻፍ የሚወድ አይገኝም። ሆኖም አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። የጉድጓድ ውኃ እንዳይበከል ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። በከተሞቹ ዳርቻ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ግን ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር አይሞላም። በአንድ ግቢ ውኃም መጸዳጃም ከተቆፈረ ቤተሰቡ የሚቀዳው የራሱን በሽታ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በየግቢው መቆፈር ሳይሆን የጋራ ቦኖና ቦቴ ገብቶ ሊመጠው የሚችል የጋራ መጸዳጃ ነው።

ይህ ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ መነሣቱን እናስታውሳለን። ጥፋቱ የጠበሉ አልነበረም። ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲከማች የሚጠጣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በበቂ አለመኖሩ በሽታውን ያሠራጨዋል። እግዚአብሔር ለእስራኤል ሰፈር የሰጠው ሕግ ከሰፈር ውጭ መጸዳጃ ስፍራ እንዲኖር፣ ቆሻሻውም እንዲሸፈን ያዝዛል፤ ምክንያቱም እርሱ በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና (ዘዳ. 23፥12-14)። ስለዚህ የጠበልን ስፍራ በንጽሕና መጠበቅ የእምነት ማነስ ሳይሆን የእምነት ፍሬ ነው።

ሕዝባችን በዚህ ሊለወጥ እንደሚችልም ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ መሠረት በኢትዮጵያ በሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ ትልቅ ነው። በአንድ የምርቃት በዓል የተገኘ ፍሬ አይደለም፤ የተደጋገመ ትምህርት ውጤት ነው።

ምን እናድርግ?

በውጭ ሀገር ያላችሁ ማኅበራት፣ ለጉድጓድ ከምታዋጡት ላይ የተወሰነውን ለጥገናና ለመጸዳጃ ለዩ። ከመላካችሁ በፊት «ማን ይቆፍራል?» ብቻ ሳይሆን «ሲበላሽ ማን ይጠግናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከምርቃቱ በኋላም በየዓመቱ ውኃው ስለ መፍሰሱ ሪፖርት ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በውኃና በንጽሕና ሥራ የብዙ ዓመት ልምድ አለው፤ ጂኦሎጂስት ሳያማክሩ ከመቆፈር እርሱን ማማከር ይቀላል።

በሀገር ውስጥ ያለን ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበቴዎች ደግሞ ከውጭ ገንዘብ ከመጠበቃችን በፊት በአጥቢያችን የቆመ ቦኖ ወይም የነጠፈ ጉድጓድ ካለ እንቁጠር፤ የምንችለውን እንጠግን። የቀረውን ከእነ ማስረጃው ለከተማው የውኃ ጽሕፈት ቤት እናቅርብ። ቧንቧ መዘርጋት የመንግሥት ግዴታ ነውና የእኛ ምጽዋት ግዴታውን ሊያስረሳው አይገባም።

በስሙ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋ ጌታችን ነግሮናል (ማቴ. 10፥42)። የሰበታዋ እናት ግን ነገም ትጠማለች። ጽዋው ነገም እንዲሞላ የሚያደርገው ጉድጓዱን የቆፈረው ብቻ አይደለም፤ ጎማዋን በጊዜ የቀየረው፣ ቁልፉን በታማኝነት የያዘው፣ መጸዳጃውን የጠረገውም ከዋጋው ይካፈላል።