በተፈረመ ቀነ ገደብ አትተኙ

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣ በየሰበካ ጉባኤው፣ በየዕድሩና በየመረዳጃ ማኅበሩ ኃላፊነት የተጣለባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ የልጅ ልጆቻችን ስለሚጠጡትና በዳርቻው ስለሚጫወቱበት ውሃ ነው። የዚህ አገር መንግሥት የውሃ ጥራት መመዘኛዎችን በሕግ በተቆረጠለት ጊዜ ሳይመረምር ሲቀር ይከሰሳል። ክሱም አብዛኛውን ጊዜ በስምምነት ያልቃል። ስምምነት ተፈረመ ሲባል እኛም «እሰይ፣ ታረቁ» ብለን ጉዳዩን እንተወዋለን። ይህ አደጋ ነውና እንድትነቁ እለምናችኋለሁ።

ዕድሜያችንን በሽምግልና የፈጀን ሰዎች ነን። ባልና ሚስት አስታርቀናል፤ የተጣሉ ሸሪኮች አስማምተናል፤ በደብር ምክንያት የተለያዩ ቤተሰቦችን መልሰን አንድ ማዕድ አስቀርበናል። በእኛ ሥርዓት የተበደለው ሰው ከፊታችን ቆሞ በደሉን ይናገራል፤ በዳዩ ይሰማል፣ ይክሳል፣ ዋስ ይጠራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የከሳሽ ድርጅት ጠበቆች የሚፈራረሙት ስምምነት እንዲህ ያለ አይደለም። ውሃውን የምትጠጣው ነፍሰ ጡር እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም። ካሳ የሚባል ነገር የለም። ዕርቅን የማክበር መልካም ልማዳችን የሚያዘናጋን እዚህ ላይ ነው።

የሕጉን አሠራር ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ እያንዳንዱ ስቴት የወንዞቹንና የሐይቆቹን የጥራት መመዘኛ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ በሕዝብ ፊት እንዲመረምር ያስገድዳል። ስቴቱ ያሻሻለውን ሲልክ፣ ኢፒኤ የምንለው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ60 ቀን ውስጥ ማጽደቅ፣ ካልተቀበለውም በ90 ቀን ውስጥ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። የመጠጥ ውሃን የሚመለከተው ሌላው ሕግ ደግሞ ደንቦቹ ቢያንስ በየ6 ዓመቱ እንዲታዩ ይላል። ቀኑ ሲያልፍ ማንኛውም ሰው የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊከስ ይችላል። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ አገራችን ሳለን መንግሥትን መክሰስ በሕልማችንም ያልመጣልን ብዙዎቻችን ዋጋውን እናውቃለን። ግን ልብ በሉ። በዚህ ዓይነት ክስ ዳኛው ኤጀንሲውን «እስከዚህ ቀን ወስን» ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ምን ብሎ መወሰን እንዳለበት ግን አይነግረውም። ስምምነቱም ከዚህ ብዙ አያልፍም።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማየት የፐርክሎሬትን ጉዳይ ተከታተሉ። ፐርክሎሬት ለሮኬት ነዳጅ፣ ለርችትና ለመሳሰሉት የሚውል ኬሚካል ነው። በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ከጦር ሰፈሮችና ከፋብሪካዎች እየሰረገ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሩቅ ቦታ ያለ ነገር አይምሰላችሁ፤ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ የአበርዲን ከተማ ጉድጓዶች ከጎናቸው ባለው የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሰፈር ምክንያት ተበክለውበታል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግደዋል። ነፍሰ ጡሯ አዮዲን ካነሳት የጽንሱ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። እኛ የደጋ ሰዎች አዮዲን ማጣት ምን እንደሚያደርግ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ በየመንደራችን የእናቶቻችን አንገት ላይ አይተነዋል። አዮዲን ላነሳት እናት ፐርክሎሬት ያለበት ውሃ ማጠጣት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ኢፒኤ በ2011 ይህን ኬሚካል በደንብ መቆጣጠር እንደሚያስፈልግ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ግልጽ ነው፤ ረቂቅ ደንብ በ2 ዓመት ውስጥ፣ የመጨረሻው ደንብ ከረቂቁ በኋላ በ18 ወር ውስጥ። 2013 አለፈ። 2014 አለፈ። በ2016 መጀመሪያ የተፈጥሮ ሀብት መከላከያ ምክር ቤት የተባለው ድርጅት ኒው ዮርክ በሚገኝ ፍርድ ቤት ኢፒኤን ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት በልግ ስምምነት ተፈርሞ ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። ረቂቁ እስከ ኦክቶበር 2018፣ የመጨረሻው ደንብ እስከ ዲሴምበር 2019 ይወጣል ተባለ።

ያን ቀን «አለቀ» ያለ ሰው ቀጥሎ የመጣውን ይመልከት። መጀመሪያ ቀኖቹ ተገፉ። ረቂቁ በ2019 አጋማሽ ሲወጣ የቀረበው ልክ በአንድ ሊትር 56 ማይክሮግራም ነበር። ማሳቹሴትስ ከዚያ ከዓመታት በፊት፣ በ2006፣ በራሷ ሕግ 2 ማይክሮግራም ብላ ቆርጣ ነበር፤ ካሊፎርኒያ በ2007 6 ብላለች። ከዚህም የባሰው፣ በረቂቁ ውስጥ ደንቡን ጨርሶ የመተው አማራጭ ነበረበት። በ2020 የተመረጠው እሱ ሆነ። ኬሚካሉ የሚገኝባቸው የውሃ ድርጅቶች ቀድሞ ከታሰበው ያነሱ ናቸው ተብሎ የ2011ዱ ውሳኔ ተሻረ። ቀነ ገደብ ያስቆረጠው ስምምነት፣ ተገፍቶም ቢሆን በቀኑ ውሳኔ አስገኘ፤ ውሳኔው ግን «አንቆጣጠርም» የሚል ነበር።

ከሳሹ ድርጅት እንደገና ተነሣ። በሜይ 2023 የዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኢፒኤ አንዴ «እቆጣጠራለሁ» ብሎ ከወሰነ በኋላ ወደኋላ የመመለስ ሥልጣን እንደሌለው ፈረደ። ከዚያ አዲስ ስምምነት መጣ፤ የመጨረሻውን ደንብ እስከ ሜይ 2027 ለማውጣት ተስማሙ። ይህ እንኳ ሳይገፋ ቢፈጸም፣ በ2011 የተጸነሰ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት አልፎት ነው ደንቡ የሚወጣው። የአንጎሉ መሠረት የተጣለበት ጊዜ አልፏል። እሱን የሚመልስ ስምምነት የለም።

ይህ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉኝ፣ የባሕር ዳርቻዎችንም እዩ። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ ኢፒኤ ሰው የሚዋኝበትን ውሃ መመዘኛ እስከ 2005 እንዲያድስ አዘዘ፤ በሥራ ላይ የነበረው የ1986 ነበር። አልታደሰም። በ2006 ክስ ቀረበ፣ በ2008 ስምምነት ተፈረመ፣ በ2012 አዲሱ መመዘኛ ወጣ። ቀኑ ተከበረ ማለት ይቻላል። በውስጡ ያለው ግን ከ1,000 ዋናተኞች እስከ 36 የሚደርሱት ሊታመሙ እንደሚችሉ የሚቀበል ልክ ነበር፤ ስምምነቱን የፈረሙት ከሳሾች ራሳቸው ይህ በዝቷል ብለው ተቃወሙ። በ2018 ኤጀንሲው ያንኑ መመዘኛ መልሶ መርምሮ መለወጥ አያስፈልገውም አለ።

የስምምነቱን ወረቀት እጃችሁ ቢገባ ሦስት ቦታ ፈልጉ። ኤጀንሲው በይዘቱ ላይ ያለው የመወሰን ነጻነት በምንም እንደማይነካ የሚናገር አንቀጽ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ቀኑ ሊራዘም እንደሚችል የሚናገርም አለ። የጠበቃ ወጪ እንዴት እንደሚከፈልም ተጽፎ ታያላችሁ። ቀኑ ሲራዘም ለናንተ ቤት ደብዳቤ አይመጣም፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የምትገባ አጭር ጽሑፍ ናት። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከመካከላችሁ ከሌለ፣ ከዓመት በኋላም ደንቡ በመንገድ ላይ ይመስላችኋል።

ኢንዱስትሪዎችና አንዳንድ ስቴቶች ከሌላ አቅጣጫ ያማርራሉ። መንግሥትና ከሳሾች በር ዘግተው እየተስማሙ ሕግ ያወጣሉ ይላሉ፤ በ2017 የወቅቱ የኢፒኤ ኃላፊ በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚያጠብ መመሪያ አውጥተው ነበር፣ በ2022 ተሻረ። እኔ በመደምደሚያቸው አልስማማም። ክሱ የሚመጣው መንግሥት ኮንግረስ የቆረጠለትን ቀን ስላላከበረ ነው፤ ቀኑን ቢያከብር ከሳሽም ስምምነትም ባልኖረ። በሩ ዝግ ነው በሚለው ግን እውነት አላቸው። ከተዘጋው በር ውጪ የቀረነው ግን እኛ ነን፤ ኢንዱስትሪው ጠበቃ አለው፣ መዝገቡን በየቀኑ ያስነብባል።

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ ልመለስ። አናኮስቲያ በከተማችን ምሥራቅ የሚፈስ ወንዝ ነው። ከ1971 ጀምሮ በከተማው ወንዞች መዋኘት በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ የቆሸሸ ወንዝ በቀን ሊሸከም የሚችለው የቆሻሻ መጠን ተሰልቶ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ የመጀመሪያው ስሌት መቅረብ የነበረበት በ1979 ነበር። ዋሽንግተን ለሃያ ዓመት ያህል ሳታቀርብ ቆየች፣ ኢፒኤም ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረው ኪንግማን ፓርክ የሚባል ከወንዙ አጠገብ ያለ ሠፈር የነዋሪዎች ማኅበር ነው። በ1998 ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ፣ በ2000 ስምምነት ተደረሰ።

ስምምነቱ ስሌቱን አስወጣ። ነገር ግን ኢፒኤ ያጸደቀው ልክ የአንዱ ቆሻሻ በዓመት፣ የሌላው በወቅት የተሰላ ነበር። በበጋ ንጹሕ ሆኖ በአንድ የዶፍ ዝናብ ቀን ወንዙን በእዳሪ ቢያጥለቀልቁት፣ በዓመት ሲደመር ልኩ ያልታለፈ ይመስላል። እንደገና ክስ ቀረበ፤ በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕጉ በቀን ካለ ልኩ የቀን መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። ኤጀንሲው አስተካክሎ ያጸደቀውን የደለል ልክ ደግሞ በ2011 ሌላ ዳኛ ሻረው፤ ሰው ለመዋኘትና በወንዙ ለመደሰት ያለውን መብት አይጠብቅም ብሎ። ከስምምነቱ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ያ ማኅበርና ተባባሪዎቹ በ2000 ተጨባብጠው ቢበተኑ ኖሮ የዓመቱ ልክ ዛሬም በሥራ ላይ በሆነ ነበር።

ፍሬ ያፈራ ስምምነትም አለ፤ ልዩነቱን እንድታዩት እፈልጋለሁ። የከተማው የውሃ ድርጅት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ፍሳሽ ወደ ወንዞቹ ይለቅ ስለነበረ ተከስሶ በ2005 ተስማማ። በዚያ ወረቀት ላይ ቀን ብቻ አልነበረም። ምን ዓይነት ዋሻ፣ የት፣ ስንት ውሃ የሚይዝ፣ ባይሠራ ስንት ቅጣት እንደሚከፈል ተጽፏል። በዚህም መሠረት ከምድር ሥር ባቡር ሊያሳልፉ የሚችሉ ዋሻዎች ተቆፈሩ፤ የአናኮስቲያው ዋሻ የመጀመሪያ ክፍል በ2018 ሥራ ጀመረ፣ የዚያው ቀሪ ክፍል በ2023 ተጠናቀቀ። በከተማው ውስጥ ቤት ወይም ደብር ያላችሁ ክፍያውን ታውቁታላችሁ፤ በየወሩ የውሃ ሒሳባችሁ ላይ ለጣሪያና ለአስፋልት የሚታሰበው ያ ነው። አብያተ ክርስቲያናት በመኪና ማቆሚያቸው ስፋት ምክንያት ሸክሙ ከብዷቸው ሲጮኹ ከተማው የእፎይታ ፕሮግራም አወጣ። ጩኸቱ ተሰማ። እኛ ግን በሒሳቡ ላይ እንጂ በውሃው ላይ አልጮኽንም። በፖቶማክ ወንዝ በኩል የሚሠራው ዋሻ ቀን በ2016 በተደረገ ማሻሻያ ወደ 2030 ሲገፋ ከማኅበሮቻችን ስንቱ አስተያየት ጻፈ?

እኩዮቼ፣ ሰው በሊድ መርዝ የተበከለ ውሃ ከቧንቧው እየቀዳ ለሕፃን ወተት ሲበጠብጥ የነበረበትን ዘመን እዚህ ከተማ ኖራችሁበታል። ከ2001 ጀምሮ የነበረውን ሕዝቡ በሰፊው ያወቀው በ2004 መጀመሪያ፣ ጋዜጣ ሲያወጣው ነው። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የሊድ ደንብ የ1991 ሲሆን በመሠረቱ የተሻሻለው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምታስታውሱ እናንተ ናችሁ። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል፣ ይህን ግን አላዩም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልበል። የሠፈር ማኅበር ወይም ወጣቶቻችን ስለ ውሃ ክስ ሲያማክሯችሁ «ተስማምተዋል፣ ተዉት» አትበሉ፤ ቃላችሁ ከባድ ስለሆነ ልጆቹ ይተዉታል። ረቂቅ ደንብ ሲወጣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 60 ቀን፣ የምንናገርበት በር ነው፤ ይዘቱ የሚወሰነው እዚያ ነው። ኤጀንሲው በዚያ ጊዜ ለሚቀርቡለት ቁም ነገሮች መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያልተነሣን ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት ይዞ መቅረብ አስቸጋሪ ነው። ነርስ፣ ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና ጠበቃ የሆኑ ልጆች በየደብራችን ሞልተዋል። ሁለቱን መርጣችሁ የፐርክሎሬቱን መዝገብ እንዲከታተሉ ስጧቸው፤ ቀኑ ሲገፋ በሰበካው ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ አድርጉ። አዮዲን ስላነሳቸው እናቶች የምታውቁትን እናንተ ንገሯቸው፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ማኅተሙን ደብሩ ወይም ዕድሩ ያኑርበት። ከሜይ 2027 በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው፤ ከደንቡ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ቁጥሩን አይለውጠውም።