«ስም አልጠቀስንም» ማለት ምንጭን መጠበቅ አይደለም

ወገን፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በኢንቦክስ የደብዳቤ ፎቶ ላከልን። ጉዳዩ የማዳበሪያ ክፍፍል ነበር፤ ገበሬው ሊያውቀው የሚገባ ነገር። የላኪውን ስም ሳንጠቅስ «ታማኝ ምንጫችን» ብለን ለጠፍነው። ሼሩ ጎረፈ። እኛም ደስ አለን፣ ምን ይደበቃል። ግን ፎቶው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የኃላፊ ምሪት ነበር። ያ ምሪት ያለበት ቅጂ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ተጠራ። ዛሬ ሥራ የለውም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ አሁንም ወደ እሱ ይጠቁማል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ማክሰኝት ቁጭ ካልኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ሥራ አጥነትን አስረጂ አያስፈልገኝም። እሱ ግን በእጁ የነበረውን ነው ያጣው፤ ያውም በእኛ ምክንያት።

ከዚያ በኋላ ነው የጋዜጠኛ አርጋው አሽኔን ታሪክ ፈልጌ ያነበብኩት። ታናናሾቻችን ላታውቁት ትችላላችሁ። አርጋው አዲስ አበባ ሆኖ ለኬንያው ኔሽን ሚዲያ ግሩፕ ይዘግብ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአዲስ ነገር ጋዜጣ ላይ እርምጃ ሊወሰድ እንደታሰበና ስድስት ጋዜጠኞቹ ዒላማ እንደሆኑ፣ ከመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለ ሰው ሰማ። ወሬው አሜሪካ ኤምባሲ ደረሰና፣ ጥቅምት 16 ቀን 2002 በተጻፈ የኤምባሲው መልእክት ውስጥ ከአርጋው ስም ጋር ሰፈረ። በቀጣዩ ኅዳር አዲስ ነገር መታተም አቆመ፤ አዘጋጆቹም ተሰደዱ።

መልእክቱ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ተኝቶ ቆየ። ነሐሴ 2003 ማብቂያ ላይ ዊኪሊክስ ሩብ ሚሊዮን የሚሆኑ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች መልእክቶችን ስም ሳይሸፍን ለቀቀ። ነሐሴ 30 እና ጳጉሜን 1 አርጋው እዚያው ጽሕፈት ቤት ተጠራ። ጳጉሜን 3 ደግሞ ፖሊስ ጠርቶ መረመረው፤ የነገረህን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ አሳውቅ ተባለ። ስም ከመስጠት ስደትን መረጠ። ሰው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል እሱ ሀገሩን ለቆ ወጣ።

ልብ በሉ፦ በመልእክቱ ላይ የምንጩ ስም የለም። የጽሕፈት ቤቱ ሰው መሆኑ ብቻ ነው የተነገረው። አደኑን ለመጀመር ይኼ በቂ ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤት። እኛ ጋ ሲሆንስ? ማክሰኝት ላይ «ከእንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት፣ ከእንዲህ ያለ ክፍል» ብትል ስንት ሰው ይቀራል? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ይለዩታል። የእጅ ጽሑፍ አለ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው የጠረጴዛ ልብስ አለ፣ ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ስታደርግ ከላይ የሚመጣው የላኪ ስም አለ። ስክሪንሾት ላይ ያለችው ትንሿ ፕሮፋይል እንኳ ታስበላለች።

«እሱም አደጋውን አውቆ ነው የላከው» ያላችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ መላኩን አውቆ ነው። እኛ ፎቶውን እንዳለ እንደምንለጥፈው ግን አላወቀም። ፍሬ ነገሩን እንደገና ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይበቃን ነበር። ይህን ደብዳቤ ስንት ሰው አይቶታል ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ አንድ ደቂቃ።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለጋዜጠኛ ምንጭ ከለላ ይሰጣል። ግን እኛ የገጽ አድሚኖች ነን፤ በዚያ አንቀጽ እንከለላለን ብለን ለማንም ቃል መግባት አንችልም። የዋሽንግተን ፖስት ሁለት ጋዜጠኞች የዋተርጌት ምንጫቸውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ደብቀው ይዘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 «እኔ ነኝ» ያለው ሰውየው ራሱ ነው። እነሱ አርታኢም ጠበቃም ነበራቸው። እኛ ያለን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው።

ምንጭን መደበቅ ማለት ደግሞ የሰሙትን ሁሉ መለጠፍ አይደለም። «ውስጥ አዋቂ» የሚለው ቃል የስንቱ ውሸት መጋረጃ ሆኗል! ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ የነገረንን አንለጥፍም። እገታንም በተመለከተ፣ ቤተሰብ ገንዘብ እያሰባሰበ ከሆነ መጠኑንም ሰፈሩንም ከእኛ ገጽ አታገኙትም። ሌላ ገጽ ቀድሞን ይለጥፍ፤ ይቅደመን።

ያንን የደብዳቤ ፎቶ ከገጹ አጥፍተነዋል። ሼር ያደረጋችሁትና ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተም አጥፉልን።