«ይታሰብበታል» ስለ ተባለ ሐሳብ

በየመሥሪያ ቤቱ «አዲስ ነገር የሚያፈልቅ ሰው ጠፋ» የሚል ወቀሳ ይሰማል። በእኛ አስተያየት ግን የጠፋው አፍላቂው ሳይሆን፣ የፈለቀውን ሐሳብ ተቀብሎና ፈትኖ ለፍሬ የሚያበቃ ሥርዐት ነው።

የአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆነናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በኩባንያው ውስጥ ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመቅረጽም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኩባንያው ምርምሩን ጨርሶ ባይተወውም፣ እንጀራው የፊልም ሽያጭ ስለ ነበረ አዲሱ ሥራ አሮጌውን ገበያ እንዳያበላሽበት ሠጋ። እርሱ ሲያመነታ ሌሎች ቀደሙት፤ በ2012 ዓ.ም. ዕዳው ከብዶት የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ።

በዚያው አገር በስሪ ኤም ኩባንያ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1968 ዓ.ም. ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ብርቱ ሙጫ ሲፈልግ፣ በቀላሉ ተለጥፎ በቀላሉ የሚላቀቅ ደካማ ሙጫ አገኘ። ጥቅሙ ባይታወቅም ለባልደረቦቹ ከማስረዳት አልቦዘነም። በ1974 ዓ.ም. አርት ፍራይ የተባለ የሥራ ጓደኛው፣ ከመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ እየወደቀ ያስቸገረውን ምልክት በዚህ ሙጫ ሊያጸና አሰበ። በ1977 ዓ.ም. የተደረገው የሽያጭ ሙከራ አላረካም፤ በሚከተለው ዓመት ግን ናሙናው በነጻ ሲታደል ሰው ወደደው። በ1980 ዓ.ም. በመላው አሜሪካ የተሸጠው፣ ዛሬ በየጠረጴዛችን የምናየው ተለጣፊ ማስታወሻ ይኸው ነው።

የሁለቱ ልዩነት በሠራተኞቻቸው ብልኅነት አይደለም። ስሪ ኤም ሠራተኛው ከሥራ ጊዜው 15 በመቶውን ለራሱ ሐሳብ እንዲያውል ይፈቅድ ነበር፤ የአንዱ ክፍል ሐሳብ ለሌላው ክፍል ይደርስ ነበር፤ ሙከራው በጥቂት ከተሞች ተጀምሮ፣ ባይሳካም መንገዱ ተለውጦ ተደገመ።

እርግጥ ነው፣ አዲስ የተባለ ሁሉ መልካም አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብም ለምኞት አይበተንም። ስለዚህ ሹሙ ለቀረበለት ሐሳብ ኀላፊ ይሹምለት፤ ልክ ያለው ጥቂት ገንዘብና የመመርመሪያ ቀን ይወስንለት፤ ካልረባም ምክንያቱን ነግሮ ይዝጋው። ወጣቱም በበኩሉ ረጅም ማመልከቻ ብቻ ጽፎ አይቀመጥ፤ ተጠቃሚውን ይጠይቅ፣ ትንሽም ቢሆን ናሙና ሠርቶ ያሳይ።

ሐሳቡ በመሳቢያ ውስጥ የቀረበት ወጣት በሁለተኛው ጊዜ ዝም ይላል፤ በሦስተኛው እርሱም «ይታሰብበታል» ማለትን ይለምዳል። ዛሬ ደጅ የምንጠና ነገ ሹሞች ስለምንሆን፣ ቀን ያልተቈረጠለት «ይታሰብበታል» መልስ አለመሆኑን ከአሁኑ እንወቅ።