ዓሣን መብላት በብልኀት

«ዓሣን መብላት በብልኀት» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የሚያሳስበን ስለ አጥንቱ ነው፤ ብልኀቱ ግን ከገበያ ይጀምራል እንላለን። የትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፥ ስንጥቡ ቀይ ነው፤ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል።

ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም። ቆሮሶ አጥንቱ ጕልህ ስለ ሆነ፥ ቅርፊቱ ተፍቆና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ እንዳለ ቢጠበስ መልካም ነው። ቢልጫ ግን በሥጋው ውስጥ ደቃቅ አጥንት የበዛበት ስለ ሆነ ለሕፃናት አይመረጥም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው ስለ ተከለከለ ብዙ ምእመናን አይበሉትም። ሽሪምፕም እንደዚሁ ነው። ቆዳው ተገፎ ተቈራርጦ የቀረበውን ዓሣ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፥ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ለወጥ ሲሆን ሽንኩርቱና በርበሬው በሚገባ ከበሰሉ በኋላ ዓሣው በመጨረሻ ይግባ፤ ቶሎ ስለሚበስል ብዙ ቢያማስሉት ይፈረፈራል። ይሁን እንጂ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ጥሬውን ወይም ለብ ለብ የተደረገውን አንብላ።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ ለሕፃን ከማጕረሳችሁ በፊት ሥጋውን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አጥንቱን ልቀሙለት። የዓሣ ወጥ በጥድፊያ የሚበላ ማዕድ አይደለምና።